ፓደል ልጀምር ላልከው ወንድሜ

«ዱባይ ነኝ፣ አገር ቤት ቴኒስ እጫወት ነበር፣ አሁን ፓደል ልጀምር ነው፣ ምን ራኬት ልግዛ?» ላልከው። እኔም እዚሁ ነኝ፣ የመጣሁትም ከቴኒስ ነው። ለማያውቀው፣ ፓደል በመስታወትና በሽቦ በታጠረች ትንሽ ሜዳ (ኮርት) ላይ በራኬት የሚጫወቱት የቴኒስ ዘመድ ነው።

1. አሁን ምንም አትግዛ፣ ተከራይ። የሱቁ ልጅ ጫፉ ሾጠጥ ያለውን ውዱን ይዞልህ ይመጣል። እሱ ለለመዱት መቺዎች ነው፤ አንተ ክቡን ያዝ። የእጅ ማሰሪያውንም እሰር፣ ግዴታ ነው። ያላሰረ ሰው ራኬት በጆሮዬ ሥር ሽው ብሎ አልፏል።

2. የቴኒስ ጉልበትህን ቤት ተወው። ኮርቱ 20 በ10 ሜትር ነው፣ ዙሪያው መስታወትና ሽቦ። አጠንክረህ ስትመታ ኳሱ ከኋላ መስታወት ነጥሮ ለተጋጣሚህ ተመቻችቶ ይመጣለታል። ሰርቭም (ጨዋታ ማስጀመሪያው ምት) ከራስ በላይ የለም፤ ኳሷን መሬት አንጥረህ ከወገብ ሳታሳልፍ በሰያፍ ትመታለህ። በተጋጣሚህ በኩል ያለው የሰርቭ ሳጥን ውስጥ ነጥራ መስታወት ብትነካ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ሽቦ ከነካች ግን ተበላሸ። ይሄን ሳያውቁ የሚጨቃጨቁ ስንት አሉ! ነጥብ አቆጣጠሩ የቴኒስ ስለሆነ ታውቀዋለህ።

ግድግዳው እኮ ለጌጥ አይደለም። ኤንሪኬ ኮርኩዌራ እ.ኤ.አ. በ1969 አካፑልኮ፣ ሜክሲኮ፣ ቤቱ ውስጥ ፓደልን ሲጀምር ግድግዳውን የጨዋታው አካል አደረገው። በ1974 ወዳጁ አልፎንሶ ደ ሆሄንሎሄ ስፔን፣ ማርቤላ ወሰደው፤ አርጀንቲና ለመግባትም ብዙ አልቆየ። እዚህ ዱባይ ደግሞ በ2022 የዓለም ሻምፒዮናው ተካሄደ። አሁን ማታ ማታ ኮርት ማግኘት ፈተና ነው።

3. አራተኛ ሰው ሳታረጋግጥ ኮርት አትያዝ። ፓደል የአራት ሰው ጨዋታ ነው። አንድ ክለብ ውስጥ ኮርት በስሜ ይዤ፣ አንዱ ልጅ ድንገት ሥራ ተጠርቶ ቀረ። እንግዳ መቀበያው ያለውን ሰውዬ ሂሳቡን እንዲያስተካክል ብለምነው ቀና እንኳ አላለም፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። «ደንቡ ነው» አለኝ። የአራቱን ለሦስት ከፈልን። ሁለት ለአንድ እየተጫወትን ሳለ ሰዓታችን ሳይሞላ መብራቱን ድርግም አደረጉት! ሄጄ ስጠይቅ ያው ሰውዬ፣ ያው ስልክ። እዚያ ቤት ዳግም አልረገጥኩም።

4. ሎብ ተለማመድ። ኳሷን ከፍ አድርገህ ከኋላቸው ጣልና ወደ መረቡ ተጠጋ። እኔ ጡንቸኞቹን የማሸንፈው በዚህ ነው፣ ይናደዳሉ።

አራተኛ ካጣህ ጻፍልኝ፣ እመጣለሁ። የኮርቱን ግራ ጎን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።