ታውን ካርህ ጠዋት ጠዋት ከኋላ ወርዶ ካገኘኸው፣ ኮምፕረሰር ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደርሶኛል። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነህ በ2005 ሊንከን ታውን ካር ኤርፖርት የምትሰራው ነህ አይደል? ማታ ደህና አቁመኸው ጠዋት ኋላው ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ፣ ጋራዥ ስትወስደው ኮምፕረሰር (አየር የሚሞላው ፓምፕ) ይቀየር አሉህ፣ እግረ መንገድህንም ሞተሩ ያስተማምናል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ብሆን ኮምፕረሰሩን ገና አልነካውም።

የዚህን መኪና ኋላ የተሸከመው ሞላ አይደለም፣ ግራና ቀኝ ያሉ አየር የሚሞሉ የላስቲክ ከረጢቶች ናቸው፣ ላስቲኩ ሲያረጅ ታች እጥፋቱ ጋ ይሰነጠቅና ሌሊቱን ሲያፈስ ያድራል፣ ጠዋት መኪናውን ስታስነሳ ኮምፕረሰሩ ያንን ሁሉ ሊሞላ ይለፋል፣ እንዲህ በየቀኑ እየለፋ አንድ ቀን ይቃጠላል። ማፍሰሱን ሳታቆም አዲስ ብትገጥም እሱም ያው ነው የሚሆነው።

ዛሬ ማታ ይህን አድርግ። መኪናው በደህናው ከፍታው ላይ እያለ ትራንክ ውስጥ ያለችውን የኤር ሰስፔንሽን ማብሪያ አጥፋትና ከኋላ ጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን በሜትር ለካ፣ ሁለቱንም ጎን፣ ጻፈው። ማብሪያዋ ስትጠፋ የሚሞላም የሚያስተነፍስም የለም፣ ስለዚህ ጠዋት ወርዶ ካገኘኸው በቃ አየር እያፈሰሰ ነው፣ አንዱ ጎን በደንብ ከወረደ ደግሞ የዛን ጎን ከረጢት ወይም ከረጢቱ ላይ ያለውን አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ቫልቭ ትጠረጥራለህ። እንዳለ ካደረ ግን ከረጢቶቹ ደህና ናቸው፣ የመኪናውን ከፍታ የሚለካውን ሴንሰር ነው የምታየው፣ እሱ ሲሳሳት ኮምፒውተሩ ራሱ አየሩን ያስወጣዋል። ተሳፋሪ ካወረድክ በኋላ ትንሽ ሽሽ የሚል ድምፅ ብትሰማ ግን አትደንግጥ፣ የጤና ነው።

ማፍሰሱን ለማግኘት ሳሙና በውሃ በጥብጠህ እጥፋቱ ላይና ቫልቩ የገባበት ቦታ ላይ እርጭ፣ አረፋ ከሰራ አገኘኸው። አንዳንዴ ከረጢቱ ምንም ሳይሆን የቫልቩ ኦሪንግ (ክብ የላስቲክ ማሸጊያ) ብቻ ይሆናል፣ እሷ የሳንቲም ዕቃ ናት። ቫልቩን ራስህ ካወጣኸው ተጠንቀቅ፣ አወጣጡ ሁለት ደረጃ አለው፣ መጀመሪያ ትንሽ አዙረህ አየሩ ተንፍሶ እስኪያልቅ ጠብቅ፣ ከዛ ነው ሙሉ በሙሉ የሚወጣው፣ ካልሆነ ፊትህ ላይ ነው የሚተኮሰው። መኪናውን በክሪክ ከማንሳትህ በፊትም ያቺን የትራንክ ማብሪያ ማጥፋት እንዳትረሳ። አዲስ ከረጢት ስትገጥም ሁለቱንም ቀይር፣ አየር ሳትሞላባቸው የመኪናውን ክብደት አታሳርፍባቸው፣ ላስቲኩ ተጣጥፎ አዲሱን ዕቃ በመጀመሪያው ቀን ትቀደዋለህ።

አንዳንዱ ሙሉ ለሙሉ አውጥቶ ሞላ ይገጥማል፣ የፎርዱ ክራውን ቪክቶሪያ ከታውን ካር ጋር በአንድ ዓይነት ሻንሲ ላይ የተሰራ ስለሆነ ነገሩ አይከብድም፣ ከዚያ በኋላ የአየር ጣጣ የለብህም። ለራስህ ብትነዳው እኔም እሱን እልህ ነበር። ኋላ ሰው ጭነህ ሻንጣ ሞልተህ ለምትሰራው ግን አየሩን አስተካክለህ ብትይዘው ይሻልሃል፣ ጭነት ሲበዛም ደረጃውን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ሞተሩ? 4.6 ቪ8 ነው፣ ዘይት በሰዓቱ ከቀየርክለት አያሳፍርህም። የሚሰነጠቀው የፕላስቲክ ኢንቴክ ማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ) ብለው የሚያስፈራሩህ በዋናነት የ1996 እስከ 2001 ጣጣ ነው። ያንተ ሞተር ዝናብ ከመታው በኋላ ከተንቀጠቀጠ ካንዴላው ላይ ያሉትን ኮይሎች አውጥተህ ካንዴላ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ እንዳለ እይ፣ በተለይ በተሳፋሪው በኩል መጨረሻ ያለችውን። በ40 እና 45 ማይል መሃል ቀስ ብለህ ስትነዳ መንገዱ ሸካራ የሆነ ያህል ቢያንቀጠቅጥህ ግን ብዙ ጊዜ የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር ነው፣ ካንዴላና ኮይል ላይ ገንዘብ ከማጥፋትህ በፊት የካምቢዮ ዘይቱን መርኮን 5 በሚባለው ዘይት አስቀይር፣ ብዙው በዛው ይድናል።

ያልጠየቅከኝን ልጨምርልህ፣ ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ፎርድ በ2013 የ2005 እስከ 2011 ታውን ካር፣ ክራውን ቪክቶሪያና ግራንድ ማርኪ ላይ የመሪ ዘንግ ሪኮል (መኪናውን መልሶ የመጠገን ጥሪ) አውጥቷል፣ የክረምት ጨው ዘንጉን እያዛገው መሪው ከጎማው ሊለያይ ይችላል ተብሎ፣ ሜሪላንድና ዲሲም አሉበት። የገዛኸው ያገለገለ ስለሆነ የቀድሞው ባለቤት አሰርቶት ይሁን አይሁን አታውቅም፣ የቪን ቁጥርህን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት የኤንኤችቲኤስኤ (NHTSA) ዌብሳይት ላይ አስገብተህ እይ፣ ካልተሰራ ዲለር በነፃ ነው የሚሰራልህ። የጠዋቱን ልክ ጻፍልኝና የትኛው ጎን እንደሆነ አብረን እናያለን።