የዓመቱን ንባብ መለስ ብሎ ማየት፦ ጥያቄና መልስ

ዓመቱን ሙሉ ያነበብነውን እንዴት እንገምግመው? የንባብ ቡድናችን አባላት ጠይቀዋል፤ ለረጅም ጊዜ የንባብ መዝገብ የያዙት ጋሼ መልሰዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዓመቱን ሙሉ ምንም አልመዘገብኩም። አሁን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመደርደሪያው እንዳትጀምር። ባዶ ወረቀት ይዘህ ተቀመጥና ትዝ ያሉህን መጻሕፍት ብቻ ጻፍ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ርዕስ ጎን ከውስጡ የቀረህን አንድ ነገር አስፍር፤ ክርክርም ትዕይንትም ሊሆን ይችላል። ይህ ሲያልቅ ወደ መደርደሪያው፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብህና ወደ ስልክህ ፎቶዎች ሂድና የረሳሃቸውን በሌላ ቀለም ጨምር። ከወረቀቱ ላይ የምትመረምረው እነዚህን ሁለት ቀለሞች ነው። መደርደሪያውን ቀድመህ ካየህ ሽፋኑ ብቻ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ያሰኝሃል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በልጠው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ጽሑፉን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ሳትከፍቱ ጻፉ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ጥያቄ፦ በዓመት ስንት መጽሐፍ ማንበብ ጥሩ ነው?

መልስ፦ የተወሰነ ቁጥር የለውም። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ለሚቀጥለው ዓመት መዝገብ ልይዝ ነው። ምን ምን ላስገባ?

መልስ፦ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ትርጉም ከሆነ ተርጓሚ፣ እትም፣ የተጀመረበት ቀን፣ ያለቀበት ወይም የተቋረጠበት ቀን፣ ለምን እንደመረጥሽው፣ በመጨረሻም አንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚህ በላይ ካበዛሽው ሁለተኛው ወር ላይ ትተዪዋለሽ።

«ለምን መረጥኩት» የሚለው መጽሐፉ ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ። ካለቀ በኋላ ከተጻፈ ምክንያቱ ከውጤቱ ጋር እንዲገጥም ሆኖ ይስተካከላል። በዓመቱ መጨረሻ የማንን ጥቆማ ብትሰሚ እንደሚያዋጣሽ የሚነግርሽ ይህ ዓምድ ብቻ ነው።

እትሙን አትዝለዪ። የገጽ ቁጥር ከእትም እትም ይለያያልና «ገጽ 112» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይረዳም። አይኤስቢኤኑን፣ ማለትም የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር፣ ቅጂ፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ 13 አኃዝ ነው፣ ከዚያ በፊት በታተሙት ላይ 10 ታገኛለሽ።

ያቋረጥሻቸውንም መዝግቢ፣ ከነገጻቸውና ከነምክንያታቸው። አብዛኞቹ ገና 50 ገጽ ሳይሞላ ከቆሙ ችግሩ አመራረጥሽ ላይ ነው። መሃል ላይ ከቆሙ ግን የማንበቢያ ጊዜሽ ስለተቆራረጠ ሊሆን ይችላል፤ የቀኖቹን ርቀት እዪ።

ኮከብ ወይም ነጥብ ባለቀበት ቀን አትስጪ። ባዶ ተዪውና ከ30 ቀን በኋላ፣ አሁንም መጽሐፉን ሳትከፍቺ ሙዪው። የመጨረሻው ምዕራፍ ሙቀት ገና ሳይበርድ የተሰጠ ነጥብ ስለ መጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው የሚናገረው።

ጥያቄ፦ የትኛው አፕ ይሻላል?

መልስ፦ ዝርዝርህን በሠንጠረዥ ፋይል አውጥቶ የሚሰጥህ። ያ ከሌለው ተወው።

ጥያቄ፦ በድምፅ የሰማሁት መጽሐፍ ይቆጠራል?

አንድ አባል፦ አይቆጠርም። ልብስ እየተኮሱ መስማት ንባብ አይደለም።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ማየት የተሳነው አንባቢ አላነበበም ልትል ነው?

አንድ አባል፦ እሱን አላልኩም። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ስለሚሰማ ሰው ነው የማወራው።

ሌላ አባል፦ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ገጽ የሚገልጥም ሞልቷል። በእንግሊዝኛ አዋቂ ሰው ኢ-ልቦለድ በለሆሳስ ሲያነብ በአማካይ በደቂቃ 238 ቃል ገደማ ይሄዳል፤ ተራኪ ግን ብዙውን ጊዜ 150 አካባቢ ነው። አድማጩ እንዲያውም ከመጽሐፉ ጋር የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

አንድ አባል፦ ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎ የሚሰማውስ?

መልስ፦ ይብቃችሁ። መዝገባችሁ ላይ «በድምፅ» ብላችሁ ጻፉ፤ ፍጥነቱንም ጨምሩበት። «ይቆጠራል፣ አይቆጠርም» የሚል ዓምድ አላዘዝኩም። በድምፅ ሲሆን እርሳስ ስለማይሠራ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር አቁሙና ደቂቃውን ከአንድ መስመር ጋር ያዙ።

ጥያቄ፦ ብዙ አሰምራለሁ፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን የምፈልገውን አላገኝም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። መስመር ብቻውን አድራሻ የለውም። ከመጽሐፉ መጨረሻ ባለው ባዶ ገጽ ላይ የራስህን ማውጫ ሥራ፦ የገጽ ቁጥር፣ ከዚያ ከሁለት እስከ አራት ቃል። ለምሳሌ «47 የአባትየው ዝምታ»። «47 ግሩም!» አትበል፤ ከወራት በኋላ ምኑ እንዳስገረመህ አይነግርህም። በእርሳስ ሥራ፤ ቀለም በስስ ወረቀት ወደ ጀርባው ያልፋል። የውሰት መጽሐፍ ከሆነ ወረቀት ለሁለት አጥፈህ ዕልባት አድርገው፤ ርዕሱንና አይኤስቢኤኑን ከላይ ጽፈህ ማውጫውን እዚያው ላይ ሥራ።

ዓመቱ ሲያልቅ እነዚህን ማውጫዎች ወደ አንድ ደብተር አምጣ። ፈላስፋው ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1686 ባሳተመው ዘዴ፣ እያንዳንዱ ርዕሰ ጉዳይ በመጀመሪያ ፊደሉና ቀጥሎ በሚመጣው አናባቢ ነበር የሚመደበው። ለእኛ ይቀላል፤ ፊደላችን ሁለቱን ባንድ ላይ ይዟል። 33ቱን በ7 ብታበዛ 231 ክፍል ይወጣሃል፤ ይህ ግን በጣም ብዙ ነው፣ አብዛኛው ባዶ ይቀራል። ለአንድ የፊደል ቤት አንድ መስመር ስጥና በመስመሩ ውስጥ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ደርድር።

ሰዉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ካልተጠቃለሉ «ሐዘን» አንድ ቦታ፣ «ሀዘን» ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ጠቅልላቸው፤ 28 መስመር ይቀርሃል። ሀ እና ሃን፣ አ እና ኣንም አትለይ። ከዚያ በየትኛው መስመር ላይ ብዙ እንደተከማቸ ስታይ ዓመቱን ሙሉ ስትከታተለው የነበረው ጉዳይ ይወጣልሃል። እቅድህ ላይ ከጻፍከው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ጥያቄ፦ ሥራ የሚበዛበት ሰው በዓመት ስንት መጽሐፍ ማንበብ አለበት?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። የራስሽን አቅም ማወቅ ከሆነ የፈለግሽው ለኪ፦ አሥር ደቂቃ አንብቢና ገጹን ቁጠሪ። 6 ገጽ ከሆነ በቀን ግማሽ ሰዓት 18 ገጽ፣ በዓመት 6,570 ገጽ ነው። የሚያመልጡ ቀኖች አይጠፉምና ሁለት ሦስተኛውን ውሰጂ፤ 4,380። ባለ 300 ገጽ ከሆኑ 14 መጽሐፍ ገደማ። ቁጥሩ አቅምሽን ለማወቅ እንጂ ለውድድር አይደለም።

ጥያቄ፦ ንባቤን እንዴት ላሻሽል?

መልስ፦ ምኑን? ፍጥነቱን፣ ምርጫውን ወይስ ማስታወሱን? ለይተህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ስሆን የፊደሉን መጠን በቀየርኩ ቁጥር ገጹ ይቀየራል። ማውጫውን እንዴት ልሥራ?

መልስ፦ የምዕራፉን ቁጥርና የቦታውን የመጀመሪያ አራት ቃላት ጻፍ፤ በፍለጋ ታገኘዋለህ። ያቀለምካቸውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አውጥተህ «ግምገማ» እንዳትላቸው። መጀመሪያ መሣሪያውን ዝጋና የምታስታውሰውን ጻፍ።

ጥያቄ፦ ግምገማው ካለቀ በኋላስ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ከረሳሃቸው መካከል ሁለት ምረጥ፦ አንዱ ያኔ ወደኸው የነበረ፣ ሌላው ጨርሰህ ምንም ያልቀረህ። የሁለቱንም የመጀመሪያ ምዕራፍ ድጋሚ አንብብ። ምዕራፉ አሁን ከያዘህ፣ ያኔ በምን ሁኔታ ላይ ሆነህ እንዳነበብከው ቀኖቹን ከመዝገብህ እይ። ካልያዘህ ለሌላ አንባቢ ስጠው፤ ማውጫህን ግን ቀድተህ አስቀር።