የሥር ጫፍ ለመቁረጥ ለቸኮላችሁ

«ዶክተር፣ አፒኮኤክቶሚ መቼ ነው የምንጀምረው?» ብላ አንዲት የጥርስ ሕክምና ተማሪ አራዳ ላይ ጠየቀችኝ። የሥር ጫፍ ቆርጦ ማውጣትን ነው የምትለው። ስቄ አለፍኳት። ማታ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። አንዲት የደምቢያ መምህርት ትዝ አለችኝ።

መምህርቷ ልጅ ሆና ወድቃ የላይኛው የፊት ጥርሷ ተመትቶ ነበር። ነርቩ ሞተ። ካደገች በኋላ ሌላ ቦታ ሩት ካናል፣ ማለትም የሥሩን ቦይ አጽድቶ መድፈን፣ ተሠራላት፤ ላዩ ላይም በብረት ዘንግ የተያዘ ሰው ሠራሽ ጥርስ ገባላት። እኔ ጋ ስትመጣ ከጥርሱ ከፍ ብሎ ድዷ ላይ ምስር የምታክል እብጠት ነበረች። ክፍል ከመግባቷ በፊት በጣቷ ተጭና መግሉን ታፈሰዋለች። አፏን በመሀረብ ጠርጋ ታስተምራለች። ሲብስባት አሞክሳሲሊን ገዝታ ትውጣለች፤ እብጠቷ ትጠፋና ካፕሱሉ ሲያልቅ ትመለሳለች። ደም በማይደርስበት የሞተ ሥር ውስጥ መድኃኒቱ በየት በኩል ይግባ?

አንድ ባልደረባዬ «ነቅለህ ገላግላት» አለኝ። እሷ ደግሞ ሰርጓ ደርሶ ነበር፤ የፊት ጥርስ ነው እንግዲህ። በደንቡ ቢሆን ቦዩን ከፍቶ ደግሞ ማጠብ ይቀድማል። ግን ዘንጉን ልንቀል ብል ሥሩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ በድዱ በኩል ገባሁ።

አደነዘዝኳት። ድዱን ከአጥንቱ ላይ ገለጥኩት። አጥንቱን ኢንፌክሽኑ ራሱ ስለበላው ብዙም መሰርሰር አላስፈለገም። የታመመውን ሥጋ ጠርጌ አወጣሁና የሥሩን ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቆረጥኩ። ከዋናው ቦይ የሚወጡት ጥቃቅን ቅርንጫፎች አብዛኞቹ እዚያች ጫፍ ላይ ናቸው፤ መለኪያው ከዚያ ነው የመጣው። ቆርጦ መተው ግን የለም፤ የቦዩ አፍ በተቆረጠው ጫፍ በኩል መደፈን አለበት። ያኔ እጃችን ላይ የነበረው አማልጋም የሚባለው የብረት ሙሊት ነው። ዛሬ ኤም ቲ ኤ አላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመጣ፣ እርጥበት ባለበት የሚጠነክር ሲሚንቶ። በመሀል ደግሞ ዚንክ ኦክሳይድና የቅርንፉድ ዘይት ውጤት የሆነውን ዩጀኖልን የቀላቀሉ ሲሚንቶዎች ነበሩ። እናቴ ጥርሴን ሲያመኝ ቅርንፉድ አስነክሳ ታስተኛኝ ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ያ ሽታ ሲመጣ እስካሁን ቤታችን ያለሁ ይመስለኛል።

መምህርቷ ስፌቱን ልታስፈታ መጣች። ድዷ አምሮበታል። «ከስድስት ወር በኋላ ራጅ እናነሳለን» አልኳት። «እሺ» አለች። በዚያው ቀረች። ደምቢያ፣ ቆላ ድባ ያሉ ሰዎችን ብጠይቅ ባሏ ወዳለበት ተዛውራለች አሉኝ። ይኼ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ድድ በቶሎ ይድናል፤ የተበላ አጥንት ግን እስኪሞላ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ያንን የሚያሳየው ራጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ያንን ሥራ አፌን ሞልቼ ተሳካ አልልም።

የዛሬ ልጆች እጃችሁ ቀልጣፋ ነው፤ አልዋሽም። ቪዲዮ አይታችሁ ስፌት ከእኛ አሳምራችሁ ትሰፋላችሁ። ሩት ካናል ሲሆን ግን ትሰለቻላችሁ። ቦዩን ፋይል በሚባል ቀጭን ሞረድ እየሞረዱ፣ በረኪና ውስጥ ባለው በሶዲየም ሃይፖክሎራይት እያጠቡ መቀመጥ ለፎቶ አይመችም። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ አንድ ጥናት የአይጦችን ጥርስ ነርቩ እስኪታይ ሰርስሮ ነበር። ከጀርም ነፃ ሆነው ያደጉት አይጦች ቁስሉ ዳነላቸው፤ የሌሎቹ ነርቭ ሞቶ መግል ያዘ። ጠላታችን ቦዩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው። እሱን ትቶ ጫፍ መቁረጥ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው።

ይህን ስል ደግሞ ቢላ እንድትፈሩ አይደለም። እኛ አገር ጉጠት ለማንሳት ማንም አያመነታም፤ ሊተርፍ የሚችል ስንት ጥርስ በከንቱ ተነቅሏል! ይገባል ካላችሁ ግቡ። ብቻ የታችኛው ትንንሽ መንጋጋ ጋ ስትደርሱ ከተጎዳ ከንፈርን የሚያደነዝዘው፣ የከንፈር ስሜት ነርቭ በቅርብ እንደሚወጣ አትርሱ። ላይኛው መንጋጋ ጋ ደግሞ ሳይነስ የሚባለው አየር የሞላው የአጥንት ክፍተት አለ።

ከመግባታችሁ በፊት ድዱን በመለኪያ ዙሪያውን ፈትሹት። በአንድ ጠባብ ቦታ ብቻ ጥልቅ ብሎ ከገባ ሥሩ በቁመቱ መሰንጠቁን ጠርጥሩ። የፊት ጥርስ ሥር እንዲያ ከተሰነጠቀ ጫፉን መቁረጥ አያድነውም። ንቀሉት፤ ሰውየውንም ለኦፕሬሽን ገንዘብ አታስወጡት።