«ኩላሊትህ ድኗል» ተብዬ ነበር፤ የቀረብኝ ነገር ይኖር ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የሐርቡ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 31 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሄጄ ወባ ያዘኝ። ሽንቴ ኮካ መሰለ፣ ቀጥሎ ጭራሽ ቆመ። ሆስፒታል ተኝቼ ደሜ በማሽን ሲታጠብ ከቆየ በኋላ ሽንቴ ተመለሰ። ስወጣ «ድነሃል» ብለው ያለ ቀጠሮ ሸኙኝ። ሰሞኑን ለኩላሊቴ ደሜን ስመረመር ክርያቲኒን 1.1፣ ኖርማል ነው ተባልኩ። ነገር ግን ሌሊት ለሽንት እየተነሳሁ እንቅልፍ አጣሁ፤ ወገቤን ሲያመኝም ዲክሎፌናክ እወጋለሁ። ረመዳንን መጾም እችላለሁ? ዘንድሮስ ለአጨዳው ብመለስ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ማሽን ላይ የነበረ ሰው ክርያቲኒኑ 1.1 ሆኖ ሳይ ደስ ይለኛል። ያለ ቀጠሮ መሸኘትህ ግን አሳዝኖኛል። ኩላሊቱ በድንገት የተጎዳ ሰው፣ ቢሻለውም እንኳ፣ በሦስት ወሩ ተመልሶ መታየት ነበረበት።

አንድ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ያኔ የሞቱት አይተኩም፤ የተረፉት የእነሱን ሥራ ደርበው ይሠራሉ። ጫናው ዓመታት ሲቆይባቸው እነሱም ይጠባሰሉ፣ ፕሮቲን ወደ ሽንት ያሳልፋሉ፣ ደም ግፊትም ይመጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም ላያምህ ይችላል። የሁሉም ሰው መጨረሻ ይህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎች ለዓመታት ደህና ይኖራሉ። ማን ደህና እንደሆነ የሚታወቀው ግን ሲመረመር ነው።

ስለ 1.1 ልንገርህ። ክርያቲኒን ከጡንቻ ወደ ደም የሚወጣ፣ ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጨምራል፣ ጡንቻ ሲያንስ ደግሞ ይቀንሳል። ከበሽታው በኋላ ከስተህ ከቀረህ ቁጥሩ ኩላሊትህ ካለበት ሁኔታ የተሻለ መስሎ ይታያል። ደግሞም የኩላሊት አቅም በግማሽ ገደማ እስኪቀንስ ድረስ ክርያቲኒን ከኖርማሉ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ በዚያች ወረቀት ብቻ አልፈርድልህም።

እኔ የምፈልገው የሽንት ምርመራህን ነው። ጠዋት እንደተነሳህ የሸናኸውን ይዘህ ጤና ጣቢያ ሂድ። ስትሪፑ (ሽንት ውስጥ የሚነከረው ቀጭን መመርመሪያ) ተነክሮ ሲወጣ የፕሮቲኗ ቢጫ ካሬ ወደ አረንጓዴ ከዞረች ማጣሪያው እያፈሰሰ ነው። ያኔ ሐኪም ዘንድ ቅረብ፤ እንደ ኢናላፕሪል ያለ፣ ግፊቱንም የፕሮቲኑንም መፍሰስ የሚቀንስ መድኃኒት ሊያዝልህ ይችላል። ግፊትህንም ተለካ፤ ከ130/80 በታች ቢሆን ደስ ይለኛል። የሌሊቱ ሽንት ኩላሊትህ ሽንትን ማወፈር ከመድከሙ ሊሆን ይችላል፤ ከስኳርም ይመጣልና በዚያው ስኳርህን ተለካ። ሁሉም ደህና ከሆነ በዓመት አንዴ መድገም ይበቃሃል።

ዲክሎፌናኩን ግን ከዛሬ ጀምረህ ተው! እለምንሃለሁ። እሱም፣ አይቡፕሮፌንም፣ ኢንዶሜታሲንም ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ፤ በፀሐይ ውሎ ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ደግሞ ይብሳሉ። መርፌው ሕመሙን ቶሎ ስለሚያስታግስ ሰው ይወደዋል፤ እኔ ግን በእሱ ሰበብ ኩላሊታቸው ዳግም የተጎዳ ሰዎች አክሜያለሁ። ለወገብህ ፓራሲታሞል ውሰድ። መድኃኒት ቤት በገባህ ቁጥር «ኩላሊቴ ተጎድቶ ነበር» በል፤ የባህል መድኃኒት ከመጠጣትህ በፊትም ሐኪም ጠይቅ።

ረመዳንን በተመለከተ፣ ከመጾምህ በፊት ተመርመር። ውጤቱ ጥሩ ከሆነና ቀኑን ፀሐይ ላይ የማትለፋ ከሆነ ብትጾም አልከለክልህም፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውሃ በደንብ ጠጣ። ራስህን ካዞረህ፣ ሽንትህ አንሶ ከጠቆረ፣ ወይም ተቅማጥ ከያዘህ ግን የዚያን ቀን አፍጥር። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ አትጹም። ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው ከእኔ ይልቅ ሸሆችህ ያውቁታል፤ ወረቀትህን ይዘህ አማክራቸው።

መተማን በሚመለከት፣ እዚሁ አካባቢህ ሥራ ብታገኝ እመርጥልሃለሁ። መሄድ ግድ ከሆነብህ አጎበር ያዝ፣ ውሃ ከአጠገብህ አይጥፋ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልግ። ትኩሳት ከጀመረህ ሳታድር ደም ተመርመር፤ ለሚመረምርህ ባለሙያም ያለፈውን ሁሉ ንገረው።