ባህሩን ለመሻገር አትቸኩዪ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ገና ነው ያየሁት። የባለቤትሽ ቤተሰቦች በ1630ዎቹ ከእንግሊዝ ማሳቹሴትስ የገቡ ናቸው ተብሎ፣ ኦንላይን ያገኘሽው የዘር ሐረግ ደግሞ እንግሊዝ ድረስ ሄዶ ንጉሥ ላይ ስላረፈ ልመነው ወይስ ልተወው ነው ያልሽው አይደል። እኔም እንዳንቺው አሜሪካዊ አግብቼ አማቴ ያሸከመችኝን አንድ ካርቶን ወረቀት ይዤ ሁለት አመት ለፍቼበታለሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ታገሺኝ (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

ንጉሡን ለጊዜው ተይው። አንዱ ከሌላው ኮፒ እያደረገ ነው እንደዛ የሚረዝመው። ድሮም ለሀብታም አሜሪካኖች የዘር ሐረግ እየፈጠረ የሚሸጥ ጉስታቭ አንጁ የሚባል ሰውዬ ነበር፣ እሱ የፈጠራቸው አያቶች ዛሬም ሰው ኦንላይን በሚለጥፈው ውስጥ ይገኛሉ።

እኔ የተቃጠልኩት እንዲህ ነው። ከባሌ ቤተሰብ መጀመሪያ አሜሪካ የገባው ሰው ጆን ነው ስሙ፣ የቤተሰብ ስሙም እንደ አሸዋ የበዛ ነው። ሰርች ሳደርግ እንግሊዝ ሰፎክ ውስጥ በ1608 ክርስትና የተነሳ ልክ በዛ ስም አንድ ልጅ አገኘሁ፣ እድሜው ገጠመ፣ በቃ አለቀ ብዬ ለአማቴ ደወልኩ፣ እሷ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ደወለች፣ የመዝገቡን ፎቶ አሳትማ ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው። ከሶስት ወር በኋላ የልጁን እህት ወንድሞች ልፈልግ ብዬ ያንኑ መዝገብ ገፅ በገፅ ሳነብ 1611 ላይ ደረስኩ፣ የቀብር ዝርዝር ውስጥ ያው ስም፣ ያው አባት። ሶስት አመቱ ላይ የተቀበረ ህፃን እንዴት አድርጎ አሜሪካ ገብቶ ስምንት ልጅ ይወልዳል?

እና ምን ልልሽ ነው፣ ባህሩን የምትሻገሪው መጨረሻ ላይ ነው። እኛ አገር ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ከራስ ተነስቶ ወደ ላይ ነው አይደል፣ ይሄም እንደዛው ነው፣ ከባልሽ ጀምረሽ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልሽ፣ ለእያንዳንዱ "የእገሌ ልጅ" የሚል ወረቀት ሳትይዢ ወደሚቀጥለው አትለፊ። ማሳቹሴትስ በዚህ እድለኛ ነሽ፣ የብዙ ታውኖች የልደትና የጋብቻ መዝገብ እስከ 1850 ያለው ታትሟል፣ ፋሚሊሰርች የሚባለው ዌብሳይት ላይ ደግሞ ስካኑን በነፃ ታያለሽ። 1600ዎቹ ላይ ስትደርሺ መጀመሪያ የምታይው ሮበርት ቻርልስ አንደርሰን በ1988 የጀመረውን የግሬት ማይግሬሽን ጥናት ነው (ያኔ ከእንግሊዝ ወደ ኒው ኢንግላንድ፣ ማለትም ማሳቹሴትስና አካባቢው፣ የተሰደዱትን የሚያጠና ነው)፣ ቦስተን ያለው በ1845 የተመሰረተው የኒው ኢንግላንድ የዘር ታሪክ ማህበር ነው የሚያሳትመው። ከ1620 እስከ 1640 ወደ 20,000 ሰው ነው የገባው፣ ጥናቱ የቀደሙትን አንድ በአንድ እየወሰደ ምን ወረቀት እንዳላቸው ይዘረዝራል፣ የመጣበት ቦታ ካልታወቀ አይታወቅም ብሎ ይፅፋል። እዛ አይታወቅም የተባለ ሰው ያንቺ ዌብሳይት ላይ መንደሩ እስከ እናቱ ስም ከተፃፈ ማስረጃው የታለ በይ።

የመርከብ ዝርዝር እንዳትጠብቂ ደግሞ፣ አብዛኛው የለም፣ ከለንደን የ1635 ተርፏል። ሜይፍላወር በሚባለው መርከብ ነው የመጡት የሚል ቤተሰብ ደግሞ ሞልቷል፣ መርከቡ የያዘው ግን 102 ተሳፋሪ ነው፣ ግማሽ ያህሉም በመጀመሪያው ክረምት አልቀዋል።

ቀኑ ላይ ፈረንጆቹ ራሳቸው ይወዛገባሉ፣ እኛ ግን ሁለት ካላንደር ይዘን ያደግን ስለሆነ ይቀለናል። እንግሊዞች እስከ 1752 አዲስ አመታቸው የብስራት ቀን ማርች 25 ነበር፣ በድሮው አቆጣጠር ስለሆነ ያው የኛ መጋቢት 29 ማለት ነው (እኔ ይሄን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅሁ)። ስለዚህ ኤፕሪል 1638 ተጋብተው ፌብሯሪ 1638 ወለዱ የሚል ብታገኚ ከሰርጉ በፊት ወለደች ብለሽ እንዳታሚያት፣ ፌብሯሪው በዛሬው አቆጣጠር 1639 ነው። 1638/9 ተብሎ የሚፃፈው ለዛ ነው፣ "1ኛ ወር" የሚልም ካየሽ ማርች ነው።

ቃላቶቹም ያሳስታሉ። ሰውዬው ወረቀት ላይ ወንድሜ ሲል የሚስቱን ወንድም ወይ የቤተክርስቲያን ወንድሙን ሊሆን ይችላል፣ ጁኒየር ሲባልም የግድ ልጅ አይደለም፣ በአንድ ታውን ሁለት ሞክሼ ካሉ ትንሹ ማለት ነው።

እኔን በመጨረሻ ያወጣኝ ጎረቤት ነው። እነዚህ ሰዎች እንደኛው ነው የተሰደዱት፣ አገር ልጅ ከአገር ልጅ ጋር፣ ብዙ ጊዜ ቄሳቸውን ተከትለው። ማሳቹሴትስ ያለው ሂንግሃም የሚባል ታውን እንግሊዝ ኖርፎክ ካለው ሂንግሃም በመጡ ሰዎች የተሰየመ ነው፣ የፕሬዝዳንት አብርሃም ሊንከን ቅድመ አያት የሆነው ሳሙኤል ሊንከንም በ1637 መጥቶ እዛ ነው የሰፈረው። እኔም የጆንን ትቼ መሬት ሲሸጥ ምስክር የሆኑለትን፣ አጥሩ የሚዋሰናቸውን ሰዎች የመጡበትን ቦታ ፈለግኩ፣ ሶስቱ ከአንድ አካባቢ ሆነው ተገኙ። ከዛ ለንደን ኪው ያለው የእንግሊዝ ብሄራዊ ቤተ መዛግብት የያዛቸውን የካንተርበሪ የቤተክርስቲያን ፍርድ ቤት ኑዛዜዎች (እስከ 1858 ያሉ ናቸው) በዛ አካባቢ ስም ፈለግኩ፣ አንዱ ኑዛዜ ላይ "በኒው ኢንግላንድ ለሚኖረው ወንድሜ ለጆን" የሚል መስመር አለ፣ የሚስቱንም ስም ጠርቶ አምስት ፓውንድ ይተውለታል። ያለቀስኩት ያኔ ነው። መንደሩ ከመጀመሪያው የተሳሳትኩበት መንደር ብዙም አይርቅም።

ዲኤንኤ ላልሽው፣ አስር ትውልድ ወደ ኋላ 1,024 ሰው ነው የሚሆነው፣ ከአንዱ ምንም ላይደርሰው ይችላል፣ ስለዚህ ተራውን ኪት ገዝተሽ 1630ን አትጠብቂ። ስሙ በአባት መስመር ሳይቋረጥ ከመጣ ብቻ ባልሽ የዋይ (ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ዲኤንኤ) ምርመራውን ቢያደርግ ይጠቅማል።

የሰውዬውን ስምና መጀመሪያ የሰፈረበትን ታውን በኢንቦክስ ላኪልኝ፣ ቅዳሜ ላይብረሪ ስሄድ አየዋለሁ። ለአማትሽ ግን እስካሁን ምንም አትንገሪ፣ የኔዋ ያን ፍሬም እስከዛሬ አላወረደችውም።