ትልቁ ፓምፕ ለምን ከትንሹ አልተሻለም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 8 ሜትር የምትረዝም ባለ ሞተር ጀልባ አለኝ። ከወለሉ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ በሰዓት 500 ጋሎን የሚል ነበር። ለደህንነት ብዬ 2000 ጋሎን በሚል ቀየርኩት። ቱቦውና የኤሌክትሪክ ሽቦው የድሮዎቹ ናቸው፤ ቱቦው ሽንሽን ባለ 19 ሚሊሜትር፣ ሽቦው 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ነው። ባትሪው 5 ሜትር ይርቃል። ውሃው ግን ከበፊቱ ብዙም ፈጥኖ አይወጣም። ይባስ ብሎ ፓምፑ ከጠፋ በኋላ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። ጓደኛዬ ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክዳን፣ አስገባበት ይለኛል። ፓምፑ ብልሽት ይኖርበት ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከነገሩኝ ሁሉ ፓምፑን የሚያስጠረጥር ነገር አላየሁም። ያፈኑት ቱቦውና ሽቦው ናቸው። ቫልቩን ለጊዜው ይተዉት፤ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የሳጥኑን ቁጥር እንየው። በሰዓት 2000 ጋሎን ማለት በደቂቃ 126 ሊትር ገደማ ነው። ግን ይህ የተለካው ውሃው ወደ ላይ ሳይወጣ፣ ረጅም ቱቦም ሳይኖር ነው። አንዳንዱ አምራች እንዲያውም የጀልባው ሞተር ባትሪውን ሲሞላ በሚገኘው 13.6 ቮልት ለክቶ ይጽፈዋል። እርስዎ ጋ ውሃው ሽቅብ ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ቱቦ ውስጥ ይጓዛል። የቁጥሩን ግማሽ ካገኙ ጥሩ ነው። ፓምፕ ስትገዙ ከሳጥኑ ይልቅ ሠንጠረዡን አንብቡ፤ 1 ሜትርና 2 ሜትር ከፍታ ላይ ስንት እንደሚያወጣ የሚናገረው እሱ ነው። ይህን የማይገልጽ ፓምፕ እኔ አልገዛም።

ወደ ቱቦው ልምጣ። በዚህ መጠን ያለ ፓምፕ አፉ አብዛኛውን ጊዜ 28 ሚሊሜትር ነው። በማገናኛ አጥብበው 19 ላይ ሲያስገቡት የውሃው መንገድ ከግማሽ በታች ሆነ። ሽንሽኑ ደግሞ ውሃውን በየእጥፋቱ እያሻሸ ያዘገየዋል። ውስጡ ልስልስ የሆነ ባለ 28 ሚሊሜትር ቱቦ ይግዙና እስከ መጨረሻው በዚያው ስፋት ይሂዱ። የጀልባዋ ጎን ላይ ያለውን መውጫም መቀየር አይርሱ፤ ብዙ ሰው ቱቦውን ቀይሮ ጠባቡን መውጫ እንዳለ ይተወዋል። ቱቦው ከፓምፑ ጀምሮ ሽቅብ ብቻ ይሂድ። መሃል ላይ ከረገበ እዚያ ውሃ ይተኛል፣ ከኋላው አየር ይታሰራል፣ ፓምፑም ባዶውን ይጮሃል። መውጫው ጀልባዋ ጭና፣ ተዘንብላም ቢሆን ከውሃው በላይ መሆን አለበት። ዝቅ ካለ የውጪው ውሃ በዚያው ቱቦ ተመልሶ ይገባል።

ሽቦው ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ፓምፑ 10 አምፔር ይስባል እንበል። ጅረቱ 5 ሜትር ሄዶ 5 ሜትር ስለሚመለስ መንገዱ 10 ሜትር ነው። በ1.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ መንገድ ላይ የሚጠፋው 1.2 ቮልት ያህል ነው። 12 ቮልት ብለው የላኩት ፓምፑ ጋ 10.8 ሆኖ ይደርሳል። በ6 ካሬ ግን የሚጠፋው 0.3 ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ 6 ካሬ ያስገቡ፤ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ካገኙ ዝገት ይችላል። መጋጠሚያዎቹ ውሃው ከሚደርስበት በላይ ይሁኑ። በቴፕ የተጠቀለለ መጋጠሚያ እዚያ ሥር ዕድሜ የለውም፤ በሙቀት የሚሸበሸብ ሽፋን ያለው ማገናኛ ይጠቀሙ። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ ያድርጉ፤ መጠኑ ፓምፑ ላይ ተጽፏል፣ ከዚያ አያሳድጉት። ሌላው ደግሞ፣ ፓምፑን በራሱ የሚያስነሳው የሽቦ መስመር በዋናው ማብሪያ በኩል አይለፍ። ዋናውን አጥፍተው ወደ ቤት ሲሄዱ ፓምፑም አብሮ ይተኛልና።

አሁን ወደ መነሳት መጥፋቱ። ፓምፑ ሲቆም ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ተመልሶ ይወርዳል። 3 ሜትር ርዝመት ባለው ባለ 28 ሚሊሜትር ቱቦ ውስጥ 2 ሊትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ውሃ አለ። የጀልባዋ ሆድ ጠባብ ከሆነ ይህ ብቻውን ውሃ ሲሞላ ፓምፑን የሚያስነሳውን ተንሳፋፊ ማብሪያ ያነሳዋል። አልደብቅዎትም፣ ቱቦውን ሲያሰፉት ይሄ ይብሳል። ቼክ ቫልቭ የሚያማልለውም ለዚህ ነው። ግን ክዳኑ ፍሰቱን ይቀንሳል፤ ትንሽ ቆሻሻ ከገባበትም ተዘግቶ ይቀራል። የሚዘጋው ደግሞ በሚፈልጉት ሰዓት ነው። በተጨማሪ በላዩ የቆመው ውሃ ክዳኑን ሲጫነው፣ ከታች አየር የያዘው ፓምፕ ገፍቶ ሊከፍተው አይችልም።

የድሮውን ፓምፕ ካልጣሉት መፍትሔው እሱ ነው። ትንሹን ዝቅተኛው ቦታ ላይ መልሰው ይትከሉ፤ የራሱ ጠባብ ቱቦ ስላለው የሚመልሰው ውሃ ጥቂት ነው። ትልቁን ከእሱ 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው ጠንካራ መደገፊያ ላይ ይሰሩት። ለእያንዳንዱ የራሱ ተንሳፋፊ፣ የራሱ ፊውዝ፣ የራሱ መውጫ። ሁለቱን ቱቦዎች በቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) አያገናኙ፤ አንዱ የሚገፋውን ሌላው ይመልሰዋል። የዕለቱን ጠብታ ትንሹ ይጨርሰዋል። ትልቁ ከተነሳ የሆነ ችግር አለ ማለት ነው፤ ከተንሳፋፊው ጋር የሚጮህ ነገር ቢያያይዙበት ደግ ነው።

በትልቅነቱ ግን አይኩራሩ። ከውሃው ወለል ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ የተከፈተ 5 ሴንቲሜትር ቀዳዳ በደቂቃ ከ200 ሊትር በላይ ያስገባል። ፓምፑ ያኔ የሚሰጥዎ ጊዜ ብቻ ነው። ከውሃው በታች ያለ መውጫ ወይም መግቢያ ሁሉ አጠገቡ የእንጨት ውታፍ ታስሮለት ይቀመጥ። ባትሪውንም አይርሱ፤ በ10 አምፔር የ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹ በ5 ሰዓት ያልቃል።

ሥራውን ሲጨርሱ በውሃ ይሞክሩት። ሆዷን ይሙሉና የሚወጣውን በ20 ሊትር ባልዲ ይቀበሉ። በ20 ሰከንድ ገደማ ከሞላ የሳጥኑን ግማሽ አግኝተዋል፣ በቂ ነው። 40 ሰከንድ ከወሰደ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ፓምፑ ጋ ባለው የሽቦው ጫፍ ላይ ያለውን ቮልት ይለኩ። ከባትሪው ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ጥፋቱ ቱቦው ውስጥ ነው፤ ካልሆነ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይፈትሹ።