«ልቧ ወንፊት ሆኗል» ተባለች፦ ለወጣት ሐኪሞች

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወደ ሞጣ፣ ወደ ቡሬ፣ ወደ ደጀን፣ ወደ ቢቸና ለምትሄዱት ነው የምጽፈው። በእኛ ጊዜ የልብ ኢኮ፣ ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው ምርመራ፣ ብርቅ ነበር። በሽተኛ ከጎጃም ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ ይሄድ ነበር። አሁን እናንተ እጅ እየገባ ነው፤ ከልቤ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ከምርመራው በኋላ ወረቀቱ ላይ የምትጽፉት ቃል ነው።

የልብን የግራ የታችኛ ክፍል ከውስጥ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ግድግዳው ልሙጥ አይደለም። ቀጫጭን የጡንቻ ዘንጎች ተጠላልፈውበታል። ትራቤኩላ የሚለው የላቲን ስማቸው ትንሽ ወራጅ እንደማለት ነው። ጎጆ ቤት ተኝታችሁ ጣራውን ከውስጥ ስታዩት የሚታያችሁን አስቡ። ዘንጎቹ ሁላችንም ጋ አሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ግን በጣም ይበዙና ግድግዳው የማር እንጀራ ይመስላል። ይሄን ነው ኖንኮምፓክሽን ስንለው የኖርነው። ፅንስ ሳለ ጡንቻው በደንብ ሳይጠቀጠቅ ቀርቶ ነው ተብለን ተምረናል። ዛሬ ያ ማብራሪያ ራሱ ብዙ ጥያቄ ተነስቶበታል።

ከዓመታት በፊት ከጮቄ ተራራ ግርጌ አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር መጣች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ኢኮ ሠራሁላት። ኢጄክሽን ፍራክሽኗ፣ ማለትም ልቧ በአንድ ምት የሚረጨው የደም ድርሻ፣ 60 በመቶ ነው፤ ደህና ነው። ቫልቮቿም ደህና። ዘንጎቹ ግን ብዙ ነበሩ። ለካኋቸው። ልብ ተኮማትሮ ሲጨርስ ዘንጋማው ክፍል ከጠጣሩ ግድግዳ ከ2 እጥፍ በላይ ከወፈረ መስፈርቱ ተሟልቷል ይባላል። ተሟልቷል። የበሽታውን ስም ጻፍኩ። ሁለተኛ እንዳታረግዢ አልኳት።

ቃሌ መንደር ሲደርስ «ልቧ ወንፊት ሆኗል» ሆነ። እንስራ እንዳታነሳ ተከለከለች። ልጇን በሰላም ብትወልድም የባሏ ዘመዶች ሌላ ሚስት ይፈለግለት ማለት ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከስታ፣ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ኢኮውን ደገምኩት። ዘንጎቹ እንደ ማንም ሰው ሆነዋል። ፕሮቡን ይዤ ብዙ ዝም አልኩ። ያን ሁሉ መከራ ያመጣባት የእኔ እጅ ነው።

ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ አንድ ጥናት ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዙ 102 ሴቶች ተከታትለው ሲታዩ፣ ከአራቱ አንዷ ላይ ዘንጎቹ በእርግዝናው ወቅት ጨመሩ። ከነዚህ 73 በመቶው ላይ ከወሊድ በኋላ በሁለት ዓመት ገደማ ጠፉ። ነፍሰ ጡር ደሟ ይበዛል፣ ልቧም ያንን ጭነት ይሸከማል። ሯጮች ላይም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ስለዚህ ጮቄ ላይ ሲሮጥ የሚያድግ ጎረምሳ ሲመጣላችሁ፣ ሩጫውን ከማስቆማችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡ።

ልብን በማግኔት የሚያነሳው ኤምአርአይም ቢሆን ከዚህ ስህተት አያድናችሁም። በእሱ መስፈርቱ 2.3 እጥፍ ነው። የልብ ሕመምም ደም ግፊትም የሌለባቸው 323 ሰዎች ሲታዩ፣ 43 በመቶው ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ከዚህ በላይ ሆነው ተገኙ። ግማሽ የሚጠጋ ጤነኛ ሰው! እንዲህ ከሆነማ መጠርጠር ያለበት መስፈርቱ ነው። በሌላ ጥናት 2,742 ሰዎች ለዘጠኝ ዓመት ተኩል ገደማ ክትትል ተደርጎላቸው፣ ዘንጋቸው የበዛው ከሌላው የተለየ የልብ መዳከም አላሳዩም። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2023 መመሪያው ይሄን ራሱን የቻለ የልብ ጡንቻ በሽታ አድርጎ መቁጠሩን ትቷል። የልብ መልክ ነው፤ በሽታ አብሮት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል።

ታዲያ ናቁት ማለቴ አይደለም። ዘንጎቹ በዝተው ኢጄክሽን ፍራክሽኑ ከወረደ፣ ሰውየው ራሱን ከሳተ፣ ኢሲጂው (የልቡ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ከተዛባ፣ ወጣት ሆኖ ስትሮክ ከመታው፣ ነገሩ ሌላ ነው። የቤተሰቡን ታሪክ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። «ወንድሙ ማሳ ላይ እንዳለ በድንገት ወድቆ ሞተ» የሚል ቃል ከሰማችሁ እህት ወንድሞቹንም፣ ልጆቹንም አስጠርታችሁ እዩ። እዚህ አገር እንዲህ ያለውን ሞት «ለክፎት ነው» ብለው ስለሚያልፉት፣ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም። ሕክምናውም ከልቡ ሁኔታ ይነሳል። ልቡ ከደከመ የልብ ድካም መድኃኒት ስጡ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የተዘበራረቀ የልብ ምት) ወይም የረጋ ደም ካለ የደም ማቅጠኛ ስጡ፤ ልቡ በጣም ከደከመም አስቡበት። ዘንግ በዛ ብላችሁ ብቻ ግን ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ አትጀምሩ። ክትትሉ ከባድ ነው፤ ደም ለማስመርመር ግማሽ ቀን በእግር የሚሄድ ሰው አለ።

ያቺን ሴት ያን ቀን ባዶ እጇን አልሰደድኳትም። የድሮውን ወረቀት ተቀበልኳትና አዲስ ጻፍኩላት፤ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ። «ልብሽ ደህና ነው። ተሳስቼ ነበር። መውለድ ትችያለሽ።» አማቷ ቄስ ነበሩ። ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ጮክ ብለው እንዳነበቡት ነገረችኝ። ይሄን ስትነግረኝ ሁለተኛ ልጇን አዝላ ነበር።